ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት

(በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የልብ ሕሙማን ክፍል በር ላይ፣ ሐሙስ ቀን ሰባት ሰዓት፤ የታማሚው የደመላሽ እናት ወይዘሮ ደብሪቱ በሩን በጀርባቸው ደግፈው ቆመዋል፣ ታላቅ ወንድሙ ርዕሰ መምህር ፈለቀ የመኪና ቁልፍ በእጁ ይዞ ፊታቸው ቆሟል።)

ደብሪቱ፦ «ሕመሙ የጀመረው በስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ ሐኪሙ። ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ፣ እዚሁ በር ላይ። ምን ልመልስላቸው? እስቲ አንተ ንገረኝ።

ፈለቀ፦ እማዬ፣ ሰው ይሰማል። ድምፅሽን ቀንሺ።

ደብሪቱ፦ ይስማ! «እናቱ ነዎት አይደል?» አሉኝ። ነኝ አልኩ። «ታዲያ መቼ ጀመረው? ዛሬ ነው? ትናንት ነው? ለመድኃኒቱ ሰዓቱ ያስፈልገናል» አሉኝ። እኔ ምን አውቄ! የሚያውቀው ሰው የት ነበር?

ፈለቀ፦ ያለፈ ነገር ነው። ዛሬ የመጣሁት ደመላሽን ላወጣው ነው። መኪናው ግቢው በር ላይ ቆሟል። ልብሱን ሰብስቢለትና እንሂድ።

ደብሪቱ፦ የት ልትወስደው?

ፈለቀ፦ እኔ ቤት። ያርፋል፣ ሾርባ ይጠጣል፣ ከዘመድ ጋር ይጫወታል...

ደብሪቱ፦ ተልባም ይጠጣል።

ፈለቀ፦ ጀመርሽ ደግሞ!

ደብሪቱ፦ እሑድ ደረቱን ይዞ አንተ ቤት ሲገባ ምን ሰጠኸው? ተልባ። ማታስ? ተልባ። ሰኞስ? ሰኞማ ተሻሽሎ ተልባ በማር! ልጄን ልቡ ሲያመው አንተ ሁለት ቀን ሙሉ ጨጓራውን ስታባብል ቆየህ።

ፈለቀ፦ ጨጓራ እንዳለበት አንቺም ታውቂያለሽ። ሁልጊዜ «ደረቴን ያቃጥለኛል» ይል የለም? የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጨጓራ ነው፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተልባ ይጠጣል። የአርባ አንድ ዓመት ሰው ነው፤ ማን ልብ ነው ብሎ ይጠረጥራል?

ደብሪቱ፦ ግራ እጁ እስከ ጣቱ ሲደነዝዝስ? ጨጓራ በእጅ ይወጣል?

ፈለቀ፦ ብረት ሲሸከም የዋለ እጅ ነው። ደክሞት ነው ብዬ አሰብኩ።

ደብሪቱ፦ ላቡስ? አንሶላው እንደታጠበ ልብስ ይጨመቅ ነበር አሉ።

ፈለቀ፦ ማን አለሽ?

ደብሪቱ፦ ሚስትህ።

ፈለቀ፦ እሷም ምስክር ሆና ተቆጠረች! ይሁን።

ደብሪቱ፦ ለእኔ ለምን አልደወልክልኝም? ከቤትህ እስከ ቤቴ ሁለት ፌርማታ ነው። በእግሬም እደርስ ነበር።

ፈለቀ፦ እንዳትጨነቂ ነዋ! ደም ግፊት አለብሽ። «እማዬ እንዳትሰማ» ብሎ የለመነኝ ደግሞ ራሱ ደመላሽ ነው።

ደብሪቱ፦ ይኸው አልተጨነቅኩም። እንዴት እንደተዝናናሁ ታያለህ። እናንተ እንዳልጨነቅ ደበቃችሁኝ፤ ሐኪሙ ሲጠይቁኝ እንደ ግንድ ተገትሬ ቀረሁ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲባል እስከዛሬ የበሽተኛው ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ወንድም የተባለ ደግሞ አብሮ ይደብቃል።

ፈለቀ፦ አጥፍቻለሁ። ይቅርታ ብዬሻለሁ። አንዴ አይደለም፣ አሥሬ ብዬሻለሁ። አሁን ከበሩ ላይ ዞር በዪልኝ።

ደብሪቱ፦ ልቡን የሚያስመታ ሽቦ በአንገቱ የገባለትን ልጅ በመኪናህ ጭነህ ልትሄድ? ሽቦውንስ ማን ያወጣዋል? አንተ በመፍቻ?

ፈለቀ፦ ያስገቡት ያወጡታል። «ጊዜያዊ ነው» ብለው አይደል ያስገቡት? ደግሞ «ከልብ ሕመም በኋላ የሚመጣ እንዲህ ያለ የልብ ምት መሥመር መዘጋት አንዳንዴ በሳምንት ውስጥ ራሱ ይመለሳል» ብለዋል። በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ደብሪቱ፦ አንተ የምትሰማው ሁልጊዜ ግማሹን ነው። «አንዳንዱ ይመለሳል» አሉ። ሌላው ግማሽ «አንዳንዱ አይመለስም» ነው። የእኛ አልተመለሰም።

ፈለቀ፦ በምን ታወቀ?

ደብሪቱ፦ ትናንት ሞከሩት። በሽቦው ልቡን የምታስመታውን፣ ከራስጌው የተሰቀለችውን ሳጥን ዝቅ አደረጓት። «የራሱ ልብ ሥራውን ተረክቦ እንደሆነ እንይ» አሉ። እኔ እጁን ይዤ እቆጥራለሁ። አንድ አልኩ። ሁለት አልኩ። ሦስተኛውን ስጠብቅ፣ ስጠብቅ፣ ዓይኑ ተገለበጠ። ሮጠው ከፍ አደረጓት። ሲመለስ ምን አለኝ መሰለህ? «እማዬ፣ መብራት ጠፍቶ ነበር?»

ፈለቀ፦ ይህን... ይህን አልነገሩኝም።

ደብሪቱ፦ አልነበርክማ! የዚህ ሳምንት ሰኞ ግን ነግረውሃል። «ይህ ሽቦ እዚህ ከቆየ ይመረቅዛል፤ ከወጣ ልቡ ይቆማል፤ ስለዚህ ቋሚው የምት ማስተካከያ ይግባለት» ብለውሃል። ለዛሬ ስምንት ሰዓት መሣሪያው ተዘጋጅቶ፣ ክፍሉ ተይዞለት ነበር። አንተ «እምቢ» አልክ። እኔ ይህን ሁሉ ሳልሰማ ከአልጋው ግርጌ ቁጭ ብዬ ለአንተ እጸልያለሁ! «ፈለቀን አትርሳብኝ፣ ደክሟል» እያልኩ!

ፈለቀ፦ ማን ነው እንዲህ ያለሽ? ሲስተሯ ናት?

ደብሪቱ፦ ወረቀቱ ነው።

ፈለቀ፦ የምን ወረቀት?

ደብሪቱ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ይኸውልህ። ታነበዋለህ ወይስ ላንብብልህ?

ፈለቀ፦ ይህ እኮ የሆስፒታሉ ነው! በነጠላሽ ጠቅልለሽ ይዘሽ መዞር አትችዪም።

ደብሪቱ፦ አልሰረቅኩም። ጠዋት ሲስተሯ «እማማ፣ ይህን ፋይል ይዘው ራጅ ክፍል ይሂዱ» አለችኝ። እዚህ ቤት አስታማሚ እግር ነው፤ ፋይሉን ተሸክሞ የሚዞረው እሱ ነው። ወረፋው ረጅም ነበር። ቁጭ ብዬ ገለጥ ገለጥ አደረግኩት። አብዛኛው ፈረንጅኛ ነው፣ አለፍኩት። አንዱ ግን አማርኛ ነው። ከግርጌው ስም አለ። «ፈ» አለ። አወቅኳት። «ለ»። «ቀ»። ስምህን ከራሴ ስም በፊት ነው የተማርኩት። የጎልማሶች ክፍል መምህሯ «ከማን ስም እንጀምር?» ስትለኝ «ከበኩር ልጄ» ብያት ነበር።

ፈለቀ፦ እማዬ...

ደብሪቱ፦ ቆይ፣ አልጨረስኩም። ታውቃለህ፣ ደስ አለኝ። «ልጄ ለወንድሙ ፈርሞለታል» ብዬ ደስ አለኝ። አጠገቤ ለተቀመጡት ሰውዬ «የልጄ ስም ነው» ብዬ አሳየኋቸው። ከዚያ ከላይ ያለውን በጣቴ እየተከተልኩ ማንበብ ጀመርኩ። «ቋሚ የልብ ምት ማስተካከያ... እንዲገባለት... ተነግሮን... ቤተሰቡ... ፈቃደኛ... አይደለም።» «አይደለም» የምትለውን ሦስት ጊዜ መለስኳት። የተሳሳትኩ መስሎኝ። የተሳሳትኩት እኔ በሆንኩ ብዬ ምን ያህል እንደተመኘሁ! አንድ ዓመት የተማርኩት ፊደል ሁሉ ውሸት በሆነና አንተ እውነተኛ በሆንክ።

ፈለቀ፦ ምክንያቱን ሳትሰሚ አትፍረጂብኝ።

ደብሪቱ፦ እስቲ በል፣ ምክንያቱን አሰማኝ። ጆሮ አለኝ። ዓይንም አለኝ አሁን።

ፈለቀ፦ ሐኪሙ ሲያስረዱኝ «መሣሪያው ከገባለት በኋላ ከብየዳ ማሽን መራቅ አለበት፤ ኃይለኛው ኤሌክትሪክ ያውከዋል» አሉኝ። ከብየዳ! ደመላሽ እኮ ከብየዳ ሌላ ምንም አያውቅም። ለምን አላገባህም ሲባል «ብረት ነው ያገባሁት» የሚል ሰው ነው። ከኮተቤ እስከ መርካቶ የእሱ እጅ ያልነካው የብረት በር የለም። ከእንግዲህ ምን ሊሆን ነው? በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሌላው ሲበይድ ሊያይ? ወንድሜን አውቀዋለሁ። ከዚያ ሞት ይሻለኛል ይላል።

ደብሪቱ፦ ጠየቅኸው?

ፈለቀ፦ ምኑን?

ደብሪቱ፦ «ከብየዳና ከነፍስህ የቱ ይቅርብህ?» ብለህ ጠየቅኸው?

ፈለቀ፦ በሽተኛ እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል? ነውር አይደለም? ደንግጦ ልቡ ቀጥ ቢልስ?

ደብሪቱ፦ ልቡማ ቀጥ ብሏል አባቴ! የምትመታው ሳጥኗ ናት!

ፈለቀ፦ ቀስ በዪ አልኩሽ፣ ውስጥ ይሰማል።

ደብሪቱ፦ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። አንተ አጥር አልነቀነቅክም፤ ዘልለህ ገብተህ ባለቤቱን ከውጭ ቆልፈህበታል።

ፈለቀ፦ ሌላም ነገር አለ። ትምህርት ቤት አንድ ባልደረባዬ ነግሮኛል። «ማሽን የገባለት ሰው የሞቱ ቀን ነፍሱ አትወጣም፤ ማሽኑ ይዟት ይቆያል» አለኝ። እኔ አላመንኩትም...

ደብሪቱ፦ አላመንክም፣ ግን ፈረምክ።

ፈለቀ፦ ጥርጣሬ ገባኝ። ሰው ነኝ።

ደብሪቱ፦ የክብሪት ቀፎ ታክላለች እኮ! ሐኪሙ በእጃቸው ይዘው አሳይተውኛል። ቆዳው ሥር ትቀበራለች፤ ልቡ ሲዘገይ ቀስ ብላ ትቀሰቅሰዋለች፣ በቃ። ፈጣሪ ነፍሱን ሊወስድ በመጣ ቀን ከክብሪት ቀፎ ጋር ሊታገል ነው? አንተን ነው ወይስ ባልደረባህን ነው ልጆች እንዲያስተምር መንግሥት የቀጠረው?

ፈለቀ፦ እኔን ስደቢኝ፣ እሺ። ግን ይህን የመደበቅ ነገር ከየት ተማርኩት? ከአንቺ ነው። አባባን ሰባት ወር ሙሉ «ብርድ ነው» ያልሽው አንቺ ነሽ። ሐኪሙ «ጉበቱ አልቋል» ሲሉን «ለእሱ ትንፍሽ እንዳትሉ» ብለሽ ያስማልሽን አንቺ ነሽ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። «አንተ ወንድ ነህ፣ ሆድ ይኑርህ» አልሽኝ። ይኸው ሆድ ኖረኝ። አሁን ምን ሁን ነው የምትዪኝ?

ደብሪቱ፦ እውነት ነው።

ፈለቀ፦ አየሽ?

ደብሪቱ፦ እውነት ነው አልኩህ እኮ። ምን ልጨምርልህ? ሊሞት ሳምንት ሲቀረው አባትህ «ደብሪቱ፣ ብርድ ሰባት ወር ይቆያል?» አለኝ። «ውሃ ላምጣልህ» ብዬ ወጣሁ። ብርጭቆውን ይዤ ከበሩ ኋላ ቆምኩ። ስመለስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ከዚያ ወዲያ ምንም ጠይቆኝ አያውቅም። ከወንድሙ ጋር ሳይታረቅ ሞተ። አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ቢያውቅ ያስጠራው ነበር። እኔ ያን ጊዜ ያልተማርኩ ሴት ነበርኩ። አንተ ስድስት መቶ ተማሪ የምታስተዳድር ሰው ነህ። ከእኔ የምትወርሰው አጥተህ ይህን ነው የወረስከው?

ፈለቀ፦ አሁንማ ፊደል ቆጠርሽና ሐኪምም ዳኛም ሆንሽ።

ደብሪቱ፦ ፊደሉን ማን አስቆጠረኝ? አንተ? «በስድሳ ሦስት ዓመትሽ አሁን ለምንሽ ነው? ሰው ይስቅብናል» ያልከኝ አንተ ነህ፣ ርዕሰ መምህሩ! ከቀበሌው የጎልማሶች ክፍል ስወጣ ደመላሽ ሥራ ቤት ጎራ እላለሁ። ለበር የተቆረጠውን ላሜራ ግድግዳው ላይ ያስደግፍልኛል፣ ጠመኔ ይሰጠኛል። «እማዬ፣ ዛሬ የተማርሽውን ጻፊ» ይለኛል። እኔ በሰው በር ላይ ነው ፊደል የለየሁት። ቀለም ሲቀባው ይጠፋል፤ በማግስቱ ሌላ በር ይመጣል።

ፈለቀ፦ ይህን አላውቅም ነበር።

ደብሪቱ፦ ያ ልጅ ነው እንግዲህ «ብየዳ ከቀረበት አይኖርም» ያልከው። አንተ እሳቱን ብቻ ነው ያየኸው።

ፈለቀ፦ እና ምን አደረግሽ? ወረቀቱን አነበብሽ። ከዚያስ?

ደብሪቱ፦ ሄጄ ነገርኩት።

ፈለቀ፦ ለማን?

ደብሪቱ፦ ለባለቤቱ። ለደመላሽ።

ፈለቀ፦ እማዬ! አበድሽ? ያንን ሁሉ?

ደብሪቱ፦ ያንን ሁሉ። ቁጭ ብዬ፣ እጁን ይዤ። «ልጄ፣ ጨጓራ አይደለም» አልኩት። «የልብህ የደም ሥር ተዘግቶ ነበር። ከላይኛው የልብህ ክፍል ወደ ታችኛው ትእዛዝ የሚያደርሰው መሥመር ደም አጥቶ ተቃጠለ። ቆጣሪው ደህና ነው፣ አምፖሉም ደህና ነው፤ መሐል ያለው ገመድ ነው የተቃጠለው» አልኩት። ሐኪሙ ለእኔ እንዲህ ነው ያስረዱኝ።

ፈለቀ፦ ምን አለ? ደነገጠ?

ደብሪቱ፦ ጣሪያውን አየ፣ አየና «ታዲያ ሌላ ገመድ አይዘረጉም?» አለኝ።

ፈለቀ፦ ይህንኑ ብቻ?

ደብሪቱ፦ ይህንኑ። እንደ ባለሙያ። አንተ አሥር ቀን የፈራኸውን ነገር በአንድ ቃል ጨረሰው። ስለ ብየዳውም ነገርኩት።

ፈለቀ፦ እ... እሱንስ?

ደብሪቱ፦ አልዋሽህም፣ እሱ ላይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ «መለካትና መቁረጥ ማን ከለከለኝ? የሚበይድ እጅ አይጠፋም» አለ። የእሱን ሐዘን አንተ ቀድመህ አለቀስክለት፤ እሱ ግን አልቅሶ ጨርሶ ሥራ ማከፋፈል ጀምሯል።

ፈለቀ፦ ታዲያ ምን ቀረ? ይስማማል ማለት ነው?

ደብሪቱ፦ ወረቀቱን አሳየሁት። «ፈለቀ እምቢ ብሎ ፈርሟል» አልኩት። ፊቱ ተለወጠ። ፊርማውን አየና «ፈለቀ ካለ ምክንያት ይኖረዋል። ፈለቀ ያለው ይሁን» አለኝ።

ፈለቀ፦ እንዲህ አለ?

ደብሪቱ፦ በራሱ አፍ።

ፈለቀ፦ በቃ! በራሱ አፍ ካለ ምን ትጨቃጨቂኛለሽ? ባለቤቱን ጠይቅ አላልሽኝም? ይኸው ባለቤቱ ተናገረ። ወንድሜ ያምነኛል። ከበሩ ዞር በዪ።

ደብሪቱ፦ ለምን እንደሚያምንህ አትጠይቀኝም?

ፈለቀ፦ ታላቅ ወንድሙ ነኛ!

ደብሪቱ፦ «ያን ማክሰኞ እግሬን ይዞልኝ የቆመ ሰው ክፉ አይመክረኝም» ነው ያለኝ።

ፈለቀ፦ እግሩን?

ደብሪቱ፦ አዎ፣ እግሩን።

ፈለቀ፦ እኔ እኮ... ማን ነው እንዲህ ያለው?

ደብሪቱ፦ እኔ ነኝ።

ፈለቀ፦ አንቺ?

ደብሪቱ፦ ሽቦውን በአንገቱ ሲያስገቡለት ፊቱን በጨርቅ ሸፍነውት ነበር። ማንን ያያል? እግሩ እየተንቀጠቀጠ አላሠራ አላቸው። ሰው አነሳቸው፤ «እማማ፣ እግሩን ይያዙልን» አሉኝ። በሁለት እጄ ያዝኩት። የሚቀዘቅዝ እግር ይዘህ ታውቃለህ? መሬት ተቀመጥኩ፣ እግሩን ግን አልለቀቅኩም። ከዚያ በፊት አስፈርመውኝ ነበር። ስሜን መጻፍ እየቻልኩ እጄ እምቢ አለኝና አውራ ጣቴን አተምኩ። ሲጨርሱ ጨርቁን ገለጡለት። «እግሬን የያዘኝ ማን ነው?» አለኝ። «ፈለቀ ነው፤ አሁን ወጣ» አልኩት።

ፈለቀ፦ ለምን? ለምን እንዲህ አልሽው?

ደብሪቱ፦ አፍሬ! በአንተ አፍሬ! «ወንድምህ ጥሎህ ሄደ» ተብሎ ለታመመ ሰው ይነገራል? እናት ነኝ፤ የሁለታችሁንም ገመና እኔ ነኝ የምሸፍነው። ይኸው የሸፈንኩት ዞሮ መጣና ልጄን ሊገድልብኝ ነው። ባልቆምክበት ቦታ አቆምኩህ፤ አንተ እዚያ ቆመህ ሞቱን ትፈርማለህ!

ፈለቀ፦ አልሸሸሁም። መኪናዬን ላስተካክል ነው የወጣሁት።

ደብሪቱ፦ ከማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት እስከ ረቡዕ ስድስት ሰዓት? ስንት ጎማ ነው ያላት ይህች መኪና?

ፈለቀ፦ ሰምቻቸው ነበር።

ደብሪቱ፦ ማንን?

ፈለቀ፦ ሐኪሙን። «ሕመሙ የጀመረው በስንት ሰዓት ነው?» ሲሉሽ ከኋላሽ ነበርኩ። ሰማሁ። አንቺ ወደ እኔ ዞር ልትዪ ስትዪ አየሁሽ። መልሱ አፌ ላይ ነበር። «እሑድ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት» ማለት ብቻ ነበር። ከዚያ ግን «እሑድ? ታዲያ እስከዛሬ ምን ስትሠሩ ነበር?» እንደሚሉኝ አወቅኩ። ምን ልል ነው? ተልባ ስፈጭ? እግሬ ራሱ ይዞኝ ወጣ።

ደብሪቱ፦ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት።

ፈለቀ፦ አዎ።

ደብሪቱ፦ እኔ እሑድ ሁለት ሰዓት ላይ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ልብስ አጥብ ነበር። የደመላሽን የሥራ ቱታ። አሥር ቀን ይህቺን ሰዓት ፈለግኳት። በአንተ አፍ ውስጥ ተቀምጣ ኖሯል።

ፈለቀ፦ ቶሎ ብንመጣ ኖሮ ይድን ነበር?

ደብሪቱ፦ ሐኪሙን ጠየቅኳቸው። «ቶሎ ቢመጣ የተዘጋውን መክፈት እንችል ይሆን ነበር፤ እርግጠኛ ነኝ ብዬ ግን አልነግርዎትም» አሉኝ። እኔም እርግጠኛ ነኝ አልልህም። በተልባው አልፈርድብህም፤ እኔም ብሆን ተልባ እሰጠው ይሆናል። ሰኞ ስትፈርም ግን ጨጓራ አይመስልህም ነበር። ሰኞ ሁሉን ታውቅ ነበር። እውነቱን ልንገርህ? ያቺ መሣሪያ ደረቱ ላይ ገብታ ባየሃት ቁጥር እሑድን እንዳታስታውስህ ነው እምቢ ያልከው። ለብየዳው አይደለም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የአንተ ግን ነቅዟል።

ፈለቀ፦ ወረቀቱን ስጪኝ።

ደብሪቱ፦ ምን ልታደርገው?

ፈለቀ፦ እቀድደዋለሁ። አሁኑኑ ገብቼ ሌላ እፈርማለሁ። ተስማምተናል እላቸዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፣ እማዬ። ያን ማክሰኞ ያልሽውን እንዳለ ተዪው። እግሩን የያዝኩት እኔ እንደሆንኩ ይመን። ጥሎህ ሄደ አትበዪው። ይህን ብቻ።

ደብሪቱ፦ ዘገየህ።

ፈለቀ፦ ገና ሰባት ሰዓት ተኩል ነው! እደርሳለሁ!

ደብሪቱ፦ ነገርኩት። «ፈለቀ ያለው ይሁን» ሲለኝ አባቱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረባት ቀን ትዝ አለችኝ። አሁንም ውሃ ላምጣልህ ብዬ ልወጣ ነው? «ደመላሽ፣ እናትህ ዋሽታሃለች» አልኩት። «እግርህን የያዝኩት እኔ ነኝ። ፈለቀ አልነበረም» አልኩት።

ፈለቀ፦ ምን አለ?

ደብሪቱ፦ እጁን ዘረጋ። የሚጠጣ ነገር የፈለገ መስሎኝ ብርጭቆውን ሰጠሁት። ራሱን ነቀነቀ። እስክሪብቶ ነው የፈለገው።

ፈለቀ፦ ፈረመ?

ደብሪቱ፦ በራሱ እጅ። «ታማሚው ከፈረመ የማንም ፊርማ አያስፈልግም፤ መጀመሪያም ራሱ መጠየቅ ነበረበት» አሉ ሐኪሙ። እጁ ስለደከመ ፊደሉ ተወላገደ። አየው፣ አየውና «እማዬ፣ ያንቺን ጽሑፍ መሰለ» ብሎ ሣቀ። ስምንት ሰዓት ላይ ያስገቡታል። በሩ ላይ የቆምኩት መልሰህ እንዳትጭነው ነው።

ፈለቀ፦ ታዲያ ይህን ሁሉ ለምን አልነገርሽኝም ከመጀመሪያው?

ደብሪቱ፦ ሰዓቱን ከአፍህ ልስማ ብዬ። ሰማሁ።

ፈለቀ፦ ተቆጥቷል?

ደብሪቱ፦ ሐኪሙ አትቆጣ ብለውታል። የእሱን ድርሻ እኔ ነኝ የምቆጣለት። እሱ «ሳልገባ ፈለቀን ልየው፤ ጥሪልኝ» ነው ያለው። ስልክ የደወልኩልህ ለዚህ ነው። አንተ ደግሞ ልታወጣው የመኪና በር ከፍተህ መጣህ።

ፈለቀ፦ ምን ብዬ ፊቱ እቆማለሁ?

ደብሪቱ፦ «እሑድ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት» ብለህ። ሌላ ቃል አያስፈልግህም። የቀረውን እሱ ይጨርሰዋል፤ ገመድ መቀጠል ያውቃል።

ፈለቀ፦ እሺ።

ደብሪቱ፦ ይኸው፣ ዞር አልኩልህ። በሩ ክፍት ነው።

ፈለቀ፦ እሺ፣ እገባለሁ። ግን... መኪናዋን ግቢው በር ላይ ነው ያቆምኳት። መንገድ ዘግታለች፣ አምቡላንስ ቢመጣ አያልፍም። ላስተካክልና መጣሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም።

ደብሪቱ፦ ሂድ። «ፈለቀስ?» ቢለኝ ግን የዛሬውን አልሸፍንልህም። ፈለቀ ወጣ፣ እኔ አለሁ እለዋለሁ።